የመከታ ጆሮ

ይድረስ ለልጄ ለውባለም። የጅዳ ሰው አይክፋብሽ፣ የደብራችን መድኃኔዓለም በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። ገብሱ ተወቅቷል፤ አባትሽም ያው ከወገቡ ጋር ሲሟገት ይውላል።

ያሳደግሽው ውሻ መከታ ግን ታመመብኝ። ጆሮው ሸተተ፣ ራሱን እያራገፈ ይዞር ጀመር። እኔ ሞኟ እንደ ሰው ጆሮ መስሎኝ ቅቤ አቅልጬ ባፈስበት ባሰበት። ይኼኔ ጎረቤታችን ጌታነህ ዱላውን ይዞ ከች አለ።

«አብዷል እትዬ አመለወርቅ፣ ዘወር ይበሉ!»

«ሐኪም ሳያየው ማንም አይነካውም! ከእሱ ይልቅ አንተ ታስፈራለህ!» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

በገመድ ጎትቼ መካነ ኢየሱስ ከተማ የከብት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት። ወረፋ የያዘው ሁሉ «ለውሻ?» እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ! በረታቸውን የሚጠብቀው ማን ሆነና!

ለካ መከታ አውድማ ሲጠብቅ ጆሮው ውስጥ የገብስ ጭድ ገብቶበት ኖሯል፤ ሐኪሙ ከነመግሉ አወጣለት። «እብደት አይደለም፣ ቁስል ነው። ቅቤ ይቅርብዎ። ጆሮውን ጠርገው እያደረቁ ጠብታውን ጠዋት ማታ ያድርጉለት፤ ቢሻለውም መድኃኒቱ ሳያልቅ እንዳያቆሙ» አለኝ።

ይኸው ጠብታውን ሳነሳ ጥርሱን ያሳየኛል። አባትሽንም ሊነክሰው ነበር። ካልዳነ ደግሞ ጌታነህ ዱላውን አላስቀመጠም። ለፋሲካ የደወልሽ ጊዜ ድምፅሽን ሰምቶ እግሬ ሥር ልጥፍ ማለቱ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ዝም ነው። ሥራ በዝቶባት ነው ይሉኛል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

እባክሽ ልጄ፣ ጠብታውን ሳደርግለት እንዳሰማው ስሙን እየጠራሽ ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልን። አንዱ ጆሮው ደኅና ነው፣ በእሱ ይሰማሻል።

የእኔ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ዓይንሽን ሳላይ አይግደለኝ።

እናትሽ አመለወርቅ