በአጥንትሽ ያስማልኋት ልጅ

ለእናኑዬ፣ ለቤቴ ምሰሶ፤

ከተለየሽን ወዲህ ሁለት ሰሊጥ አጭደናል። ይህን የምጽፈው እኔው ባልሽ ነኝ። እዚህ ኮኪት የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ፤ ሁለተኛዋ መምህሯ ናት። ሌላ ሰው እንዳላስጽፍ ነገሩ የልጃችን ገመና ነው።

ቤቱን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። ሙቀቱ ብሶ ጎረቤት ዳቦ ይጋገርበታል ይለኛል።

በቀብርሽ ቀን ስንዱ ፊቷን ስትነጭ አይቼ ኮራሁ። የእኔ ልጅ እናቷን እንዲህ ታለቅሳለች እያልሁ ለድንኳኑ ሁሉ አወራሁ። አርባሽ ወጣ፣ የሴቶቹ ፊት ዳነ። የእሷ ቁስል ግን ወደ ክንዷ ወርዶ ኖሯል። በዚህ ሐሩር እጅጌ ረጅም ስትለብስ፣ ሙሽራ ሆነሻል ወይ እያልሁ እቀልድባት ነበር።

ክንዷን ራሷ እንደምታቆስለው ያወቅሁ ዕለት ጮህሁባት። ዳግመኛ ላታደርጊው በእናትሽ አጥንት ማይ አልኋት፤ ማለች። ቁስሉ አልቀረም፣ መደበቋ ብቻ በረታ። ስምሽ ሲነሣ ከቤት ትወጣ ጀመር።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ነርሷ ብቻዋን ካነጋገረቻት በኋላ ጠራችኝ። ጠይቄያታለሁ፣ መሞት አልፈለገችም፤ መውጫ ያጣ ጭንቀት ነው አለችኝ። በመሐላው የተነሣ፣ ባገረሸባት ቁጥር እናቷን የከዳች ይመስላታል። አትቆጣ፣ አትሰልላት፣ ስትመጣ ስማት አለችኝ። ዝም ብሎ መስማት ለእኔ ከአረም እንደሚከብድ አንቺ ታውቂያለሽ።

አጥፍቻለሁ ልጄ ብዬ መሐላውን አነሣሁላት። መጀመሪያ አላመነችኝም። በቀደም ሰሊጥ ስናስር ግን ነዶዋን አስቀምጣ መጣችና፣ አባዬ፣ ዛሬ መጥቶብኛል አለችኝ። ቀልድ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። ሥራውን ትተን በማሳው ዳር ሄድን። ስለ አንቺ ጠየቀችኝ፤ ያለ ጉራ ነገርኋት። አለቀሰች። እኔም፣ ጥቂት። ማሽላው ጋ ስንደርስ ቀለል አለኝ አለች።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አገርሽቶባት ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ቁስሏን አጥቤ አሰርሁላት፣ ለምን አላልኋትም። ማክሰኞ ነርሷ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።

እናኑዬ፣ መሐላውን አትያዥባት። መያዝ ካለበት በእኔ ይሁን፤ አንገቴ ወፍራም ነው። እኔ እስካለሁ ስምሽ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ እሷም ሳትሳቀቅ እንድትጠራሽ እጠብቃታለሁ።

ባልሽ