የመጨረሻው ሯጭ ሳይገባ ያላቆመ ትራምፔት፦ የመምህር ኃይለመለኮት ንዋይ የሕይወት ታሪክ

መምህር ኃይለመለኮት ንዋይ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ንዋይ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ አበጋዝ በ1948 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፖሊስ ማርሽ ባንድ ትራምፔት ተጫዋች ስለነበሩ፣ መምህር ገና አፍ ሳይፈቱ ትራምፔቱን ከንፈራቸው ላይ ያስነኳቸው እንደነበር በቤተሰቡ ሲወራ ኖሯል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሰላ፣ ሙዚቃን ደግሞ በአዲስ አበባ ተከታተሉ። በ1970 ዓ.ም. ጓደኞቻቸው ሲታሰሩና ሲገደሉ በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ለንደን ገቡ። ሼፈርድስ ቡሽ በሚባል ሰፈር በአንድ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን እያጠቡ ተምረው በመምህርነት ተመረቁና፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በከተማዋ ዳርቻ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። የትምህርት ቤቱ ስም በዚህ ወረቀት ላይ እንዳይታተም ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማንወርቅ ወስነዋል። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

መምህር እና ወይዘሮ ሮማንወርቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ተጋብተው አርችዌይ በሚባለው የለንደን ሰፈር ኑሯቸውን መሠረቱ፤ ሶልያናንና ያኤልንም ወለዱ።

ለትምህርት ቤቱ ሰዎች «ኃይለመለኮት» የሚለው ስም ከበዳቸውና «ሚስተር ሄይሊ» አሏቸው። እሳቸው ግን የእያንዳንዱን ተማሪ ስም አጥርተው ይጠሩ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በሐምሌ የስፖርት ቀን ይከበራል፤ የተማሪዎቹ ባንድም ሜዳው ዳር ሆኖ ይጫወታል። መምህር በተቀጠሩ በመጀመሪያው ዓመት የረጅሙ ሩጫ አሸናፊ ገባ፣ ባንዱ ዝም አለ፣ ወላጆች ቦርሳቸውን ማንሳት ጀመሩ። ቤንጃሚን የሚባል ልጅ ግን አንድ ዙር ቀርቶት ብቻውን እየሮጠ፣ ጓደኞቹም እያፏጩበት ነበር። መምህር ወደ ባንዱ ዞረው፣ «ማነው ጨርሱ ያላችሁ? ልጁ እኮ ገና እየሮጠ ነው!» ብለው ጮኹ። ልጁ እስኪገባ ድረስ ባንዱ ተጫወተለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻው ሯጭ ሳይገባ መሣሪያ ማስቀመጥ ነውር ሆነ።

ቤንጃሚን በቀጣዮቹ ዓመታትም መጨረሻ ወጣ። የኋላ ኋላ ግን ምክንያቱ ድካም አልነበረም፤ ትሮምቦን የምትጫወተውን ፅጌረዳን በእርጋታ ለማየት ነበር። መምህርም ገብቷቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ የታመመው እግርህ ነው ልብህ?» ብለው በሁሉም ፊት አሳፈሩት። ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው፤ ትሮምቦኑን ይዘው መጥተዋል።

እዚህ ለንደን ያለው እድራችንም መምህርን አልማራቸውም። ትራምፔት አስተማሪ መሆናቸውን ሲሰማ፣ «እንግዲያማ ጥሩምባ ነፊያችን ተገኘ!» ብሎ ለቅሶ ለፋፊ አድርጎ መረጣቸው። ዲግሪ እንዳላቸው ለማስረዳት ሞከሩ፤ የሰማቸው የለም። ስቀው ተቀበሉ፤ ሰው ባረፈ ቁጥር ለአባላቱ ሁሉ ስልክ የሚደውሉት እሳቸው ሆኑ። ክላፋም የሚኖሩት ጋሽ ዐቢይ ስልክ አንስተው ስለማያውቁ፣ መምህር «ዐቢይ ሳይሰማ ቀባሪ ተሟልቷል አልልም» እያሉ ደጋግመው ይደውሉላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 በጡረታ ቢሰናበቱም፣ ዓርብ ዓርብ ያለ ክፍያ ባንዱን ያሠለጥኑ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ዳይሬክተር መጡና የሙዚቃ ክፍሉን ዘጉ። ክፍሉ የስፖርት ማሽን ገብቶበት ለውጭ ሰው ተከራየ። ባንዱ ለስፖርት ቀን አያስፈልግም፣ ከስልክ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ዘፈን ይበቃል ተባለ። ፕሮግራሙም ረዘመ ተብሎ፣ ወደ ኋላ የቀሩ ሯጮች ከሜዳ እንዲወጡ ተወሰነ። መምህር ቢሟገቱ ዳይሬክተሩ፣ «ሚስተር ሄይሊ፣ እኛ አሁን ፎከስ የምናደርገው ኤክሰለንስ ላይ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ሮማንወርቅ ይህን ሲሰሙ፣ «ልጅ ከሜዳ ማባረር ነው ኤክሰለንስ? እንዲህማ ከሆነ እኔም ባለሙያ ነኝ፣ ድመት አባርራለሁ!» ብለዋል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ሄራን የተባለች ተማሪ አስም እያፈናት ስትሮጥ፣ ግማሽ ዙር ሲቀራት አንድ አስተናባሪ ክንዷን ይዞ አስወጣት። መምህር ከወላጆች መካከል ተነሡ፣ ትራምፔታቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፣ መጫወት ጀመሩ። ሄራን ክንዷን አስለቅቃ ወደ ሜዳው ተመለሰች። ወላጆች ቆመው አጨበጨቡ፤ መምህር እስክትገባ አላቆሙም። በጥበቃ ታጅበው ወጡ። በሳምንቱ ስልክ ተደውሎ፣ «ለተማሪዎች ደኅንነት ሲባል» ሠላሳ ሦስት ዓመት ያስተማሩበትን ግቢ እንዳይረግጡ ተነገራቸው። አደገኛው ሰው እሳቸው ሆኑ ማለት ነው፤ አስም ያፈናትን ልጅ ክንድ የጎተተው አይደለም። መምህር ስልኩን ዘግተው፣ «ልጅቷ ግን ገብታለች» አሉ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እሳቸው ባይናገሩም እኛ እንናገራለን። አዝነናል፤ ከማዘናችንም በላይ ተቆጥተናል።

ልጆቹ ግን አልቀሩም። ሄራንና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ አርችዌይ መምህር ቤት እየመጡ መማር ጀመሩ። በዓመቱ መምህር የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ሐኪሙ ትራምፔት እንዳይነፉ ሲከለክሏቸው፣ «እርስዎንም ትምህርት ቤቱ ነው የላከዎት?» ብለው አሳቋቸው። መንፋት ቢያቅታቸውም አልጋ ላይ ሆነው በእጃቸው ምት እየመቱ አስተማሩ። የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ፎቷቸውን በድረ ገጹ አውጥቶ «ተወዳጁ የሳክስፎን መምህራችን» አላቸው። ሳክስፎን ነክተው አያውቁም። ዳይሬክተሩም በቀብሩ ላይ ንግግር ለማድረግ ጠየቁ። ቤተሰቡ ወንበር ፈቅዷል፤ ንግግር አልፈቀደም።

መምህር ኃይለመለኮት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማንወርቅን፣ ልጆቻቸውን ሶልያናንና ያኤልን፣ ስማቸውን አጥርተው የጠሯቸውን ተማሪዎች ሁሉ ትተው አልፈዋል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሆነው ጸሎት ብቻ ነው። በመቃብር ግቢው በር ላይ ግን በካህኑ አባታችን ፈቃድ የቀድሞና የአሁን ተማሪዎቻቸው ይጫወታሉ፤ ትራምፔቱን የያዘችው ሄራን ናት። የመጨረሻው ቀባሪ በሩን ሳያልፍ ባንዱ አያቆምም፣ ሣጥኑም አይወርድም። ጋሽ ዐቢይ ከክላፋም በባስ እየመጡ ነው፤ ዘንድሮ የሚደውልላቸው ስለሌለ የሰሙት ትናንት ነው። ሰዓታቸውን የሚያዩ እንግዳ ካሉ፣ ተቀምጠው ይጠብቁ።

ደክሞት የዘገየውን ከደጁ የማይመልስ አምላክ የመምህራችንን ነፍስ በዝማሬ ተቀብሎ ያስገባልን።