በአንድ ዓይን የተሣልኩ ሰሞን

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት

መድኃኒቴን ውጫለሁ። ዜናው አልቋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፌቨን ብዕር ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

ስማ ደብተር፤ ዛሬ የምከሰው ጸሐፊህን ነው። ፌቨን፣ የምልሽን እንዳለ ጻፊ። ብታለሳልሺው አውቃለሁ። እኔ ባላነብ ወ/ሮ ለተብርሃን ከታች ከሱቋ ወጥታ ታነብልኛለች።

ነገሩ ይኸ ነው። የልጄ ልጅ ሥዕል ተማሪ ናት። ሰሞኑን ሁሉ መስኮቱ ሥር ስቀመጥ እያየች ስትጭር ከረመች። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ኤግዚቢሽን አላት፤ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ አሮጌ መጋዘን ውስጥ። የመጀመሪያዋ ነው። ለየራሳቸው ግድግዳ ተሰጥቷቸዋል። በሷ ግድግዳ የሚሰቀለው እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል። ኮቴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ ሥዕሉን የሸፈነው ጨርቅ እስኪነሣ ጠበቅኩ።

ተነሣ። አንድ ዓይን!

ከጎን ነው የሣለችኝ። አፍንጫዬ ወደ መስኮት፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን። ፊደል አልቆጠርኩም። ሥዕል ግን እያነበብኩ ነው ያደግኩት። ቡልጋ፣ በደብራችን ግድግዳ ላይ አባቴ እጄን ይዞ አሳይቶኛል። ሁለት ዓይን ያለው የእግዜር ወገን ነው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው፤ ጌታን የገረፈ ወታደር ነው። የዕድር ሰው መጥቶ ይኸን ሊያይ ነው? በቀለን ከነይሁዳ ጋር?

አይሰቀልም አልኳት። አባባ እምቢ ካሉ አልሰቅለውም አለች። ግድግዳሽስ? ባዶ ይሁን አለች።

አላለቀሰችም። ጻፊው። አላለቀስሽም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ጸሐፊ ቀይሬያለሁ። ፌቨንን አባርሬያለሁ፤ ከጽሕፈቱ እንጂ ከቤቱ አይደለም። ዛሬ የምትጽፈው ወ/ሮ ለተብርሃን ናት። ደብተር፣ ይኸ ትልልቅ ፊደል የሷ ነው። ወረቀት ትጨርሳለች። ጻፊ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?

አንተን ያስጀመረችኝ ሟች ባለቤቴ ናት። እሷ እያለች እሷ ጻፈች። ቀጥሎ ፌቨን። አሁን ባለሱቅ።

ለተብርሃን የልጅቷ ጠበቃ ሆናለች። ዋይ አነ፣ ጋሽ በቀለ፣ ሳንቲም ላይ ያለው አንበሳስ ከጎን አይደለም ወይ ትለኛለች። አንበሳ አይጸድቅም አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ቀጥላ የባሰ አመጣች። ልጅቷ ደግ ሠራች፣ ነጩን ዓይንዎን ደበቀችልዎ፣ ማመስገን ሲገባዎ አለች።

ነጩ የግራው ነው። በያጅ ነበርኩ፤ ፍንጣሪ ገብቶበት ነጣ። የዚህ ሰፈር ስንት በር፣ ስንት የመስኮት ፍርግርግ ከእጄ ወጥቷል። የሥራዬ ምልክት ነው። ጨለማ መነጽር አድርገው ሲሉኝ አላደረግኩም። ሠርግም ላይ፣ ልቅሶም ላይ እንዲሁ ነኝ።

ደበቀችልኝ? እኔ ያላፈርኩበትን እሷ አፈረችበት ማለት ነው?

ከትናንቱ ዛሬ ብሶብኛል። ይብቃ። ሂጂ ሱቅሽን ክፈቺ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ቤቱ ውስጥ ድምፅ የለም። ምሳ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። ደህና አደሩ፣ ደህና ይደሩ፤ ሌላ ቃል የለም። ሥዕሉ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ። ጀርባውን አያለሁ። እንጨትና ሸራ።

ዛሬ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሽማግሌው ጢም እንኳ በወጉ አላበቀለም። ናሆም ይባላል፤ አብሯት የሚማር፣ ጸጉሩን እንደ ዛር ፈረስ ያንጨበረረ። ፋዘር ይለኛል። ፋዘር፣ ሥዕሉ እኮ ነፍስ ነው! ነፍስማ የኔ ነው አልኩት፤ ለዚህ እኮ ነው የማልሰጠው። ወለሉን አየ። ቀጥሎ፣ እሺ ፋዘር፣ ቢያንስ ቦታውን ይዩልን አለኝ።

ለማየት እመጣለሁ፣ ለመፍቀድ አይደለም። ለተብርሃን፣ ይኸን ከሥሩ አስምሪበት።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ሄድኩ። ዳገቱ ጉልበቴን በላው። ናሆም ሊደግፈኝ ሲል በከዘራዬ መለስኩት።

መጋዘኑ ሰፊ ነው። ቀለም ይሸታል። አንዱ መሰላል ላይ፣ አንዷ መሬት ላይ፤ ሁሉም ይሯሯጣል። አንዷ ያገለገለ ፌስታል ሰፍታ የሙሽራ ቀሚስ አድርጋለች፤ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። አንዷ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ታሳያለች፤ ልብስ የሚያጥብ እጅ ብቻ፣ ሰው የለውም። ከጥግ ወያላ አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! ሲል ዞር ብዬ ታክሲ ፈለግኩ። ድምፅ ማጉያ ነው። ሥራው ድምፁ ነው አሉኝ። ይሁን።

የናሆም የብረት ነው። ከፈረሰ ቤት የተለቀመ ፌሮ ተበይዶ እንደ ሰው ቆሟል። ነካ ሳደርገው ተወዛወዘ። ይኸ ብየዳ ሰው ላይ ይወድቃል ብዬ ጮህኩበት። አይወድቅም ፋዘር፣ እንዲወዛወዝ ነው የሠራሁት አለ፤ ሥሩን አሳየኝ። እውነቱን ነው። ጥርቅም ብሎ ተይዟል። ተናደድኩ፣ ግን ጥሩ እጅ አለው።

ከዚያ የሷ ግድግዳ። ነጭ። አንድ ምስማር። ከምስማሩ ሥር ትንሽ ወረቀት። ምን ይላል አልኩት። «አባባ በመስኮት» ይላል አለኝ። መምህሯ በሌላ ሥራሽ ሙዪው ብሏት አሻፈረኝ ብላለች። እስከ ቅዳሜ ጧት ካልሞላ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

ለምን ፊት ለፊት አትሥለኝም ነበር አልኩት። ጸጉሩን አከከ። ፋዘር፣ ስትጀምር ስታጠፋ ከረመች እኮ፤ የግራው ዓይን ጋ ስትደርስ ትፍቀዋለች አለ።

ትፍቀዋለች። ቁልቁለቱን ስወርድ ይኸ ቃል ብቻ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ፌቨንን ጠራኋት። ለተብርሃን ልትነሣ ስትል ተቀመጪ፣ እየጻፍሽ አልኳት። ምስክር ይኑር።

ዓይኔ ያሳፍርሻል ወይ አልኳት። በቀጥታ። አይ አባባ አለች። ታዲያ ለምን ትፍቂዋለሽ? ቀጥላ የተናገረችውን ለተብርሃን እንዳለ ጻፈችው፦

«እኔ የምሥለው እርስዎ ሲያዩኝ ነው። ያኛው ዓይን አያየኝም። እሱ ጋ ስደርስ ብቻዬን እቀራለሁ።»

ለተብርሃን አፍንጫዋን ትጠርጋለች፤ ጉንፋን ነው ትላለች።

ግን አሁንም አይሰቀልም። ኀዘን ሌላ፣ ይሁዳ ሌላ። ሁለቱንም አስወጣኋቸው።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

እንቅልፍ የለም። ለተብርሃን ለዕቃ መርካቶ ልትወርድ ትቸኩላለች። አጭር ጻፊ።

ጧት ልጅቷ መጋረጃ ልትከፍት ገባች። የተኛሁ መስያት በጣቷ ጫፍ ትሄዳለች። በቀኙ ተኝቻለሁ፤ ቀኙ ትራስ ውስጥ ነው። ግራው ብቻ ተከፍቷል።

ያየሁትን ላንተም አልነግርህም። መጀመሪያ ለሷ ነው የምነግራት። ለተብርሃን፣ መርካቶው ይቆይ። መጀመሪያ ለዚያ ጸጉራም ልጅ ደውዪለት። ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ያምጣ። ከዚያኛው ሥዕል ጋር እኩል ይሁን።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ፣ ጧት 12 ሰዓት ተኩል

ፌቨን ትጽፋለች። ሹመትሽ ተመልሷል።

ኤግዚቢሽኑ ዛሬ ከሰዓት ይከፈታል። ናሆም ኮምፔንሳቶውን ትናንት ማታ በር ላይ ትቶ ሄዷል፤ ረፋድ ላይ ተመልሶ ሊያጓጉዝ። ኮቴን ለብሻለሁ። ባርኔጣውን ትቼዋለሁ፤ ጥላው ዓይኔ ላይ ይወድቃል። ወንበሬን ከመስኮቱ አዙሬ ወዳንቺ አድርጌዋለሁ።

አሁን ስሚ፣ እየጻፍሽ። ይኸን ለአያትሽም አልነገርኳት። ያ ዓይን መልክ አያይም። ብርሃን ግን ያውቃል። ትናንት ጧት መጋረጃውን ስትከፍቺ ነጭ ሆነ። በፊቱ ስታልፊ ጠቆረ። አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ። ለተብርሃን ብትሆን ብርሃኑን ሁሉ ትይዘው ነበር። ቀጭን ጥላ ነው፤ ያንቺ ነው። በየጧቱ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ያይሻል። ብቻሽን አይደለሽም።

ጻፍሽው? አፍንጫሽን ጥረጊና ጻፊ።

ውሳኔዬ ይኸውልህ ደብተር። ከጎን የሣለችው ይሰቀላል። አሁን ፊት ለፊት የምትሥለኝም አጠገቡ ይሰቀላል፤ ከነነጩ። ያላለቀም ቢሆን። ቀለሙ በቶሎ ይደርቃል ብላኛለች። የዕድር ሰው ይምጣና ዓይን ይቁጠር። እኔም እዚያው እቆማለሁ።

ብርሃኑ እየመጣ ነው። በመስኮቱ በኩል እለፊ እስቲ። አዎ። አየሁሽ። በይ ከዚህ በኋላ መጻፉ ይቅር፤ ብዕሩን አስቀምጪው፣ ብሩሹን አን—