ሳላነብ የፈረምኩባቸው ካርዶች

ውዴ ሰናይት፣

በሞት ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር አለፈ። ኦክላንድ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው፤ መጋረጃውን እንኳ አልቀየርኩም። ሥራዬም ያው ሚልፒታስ መጋዘኑ ነው። ስመለስ ሊያ ክፍሏ ውስጥ ናት። ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። ለካ የአባትና የልጅ ወሬ ሁሉ በአንቺ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ትምህርት ቤትሽ ነው። ሊያ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ሁሉንም ኤ ይዛ መጣች። አንቺ ክፍልፋይ ጠይቀሻት ስትንተባተብ በማግስቱ ሄደሽ ከትምህርት ቤቱ አስወጣሻት። እኔ አበደች ብዬ ነበር። አንቺ የደሴዋ የሂሳብ መምህርት የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ክፍል፣ ራስሽን ርዕሰ መምህር አደረግሽ። ካርዱንም እንደ አገር ቤቱ በእጅሽ እያሰመርሽ ትሠሪ ነበር፦ ውጤት ከመቶ፣ ጠባይ፣ ደረጃ፣ የመምህር አስተያየት፣ የወላጅ ፊርማ። ደረጃው ላይ ሁልጊዜ «1ኛ ከ1» ትይ ነበር። እኔ ከሥራ ስገባ በር ላይ ትሰጪኛለሽ፤ ጫማዬን እያወለቅኩ እፈርማለሁ።

ዘንድሮ ሊያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማረች ለስኮላርሺፕ አመለከተች። ቤት የተማረ ልጅ ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የውጤት ማስረጃውን፣ የሚያዘጋጅለት ቤተሰቡ ነው አሉን፤ አንቺ ያስተማርሽበት የሦስት ዓመት ውጤት፣ ከነመምህሯ አስተያየት፣ በእንግሊዝኛ። ርዕሰ መምህሯ ስለሌለች ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ስድስቱን ካርዶች ከሰነድ ቦርሳሽ ሳወጣ ደነገጥኩ። 74፣ 78፣ 81። መቶ የእግዚአብሔር፣ ዘጠና የመምህሩ ትይ የለ። እዚህ አገር ግን 74 ማለት ሲ ነው፤ በሲ ደግሞ ማንም ስኮላርሺፕ አይሰጥም። አልደብቅሽም፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም 95 አደረግኳቸው። መምህሯ የለች፣ ማን ያውቃል አልኩ።

ከዚያ አስተያየቱን መተርጎም ጀመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያን ቀን ነው።

«ወላጅ ሆይ፣ 74 አነሰ ብለው እንዳይቆጧት። ፈተናው የኮሌጅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው ነው ያለፈችው።» በሚቀጥለው ካርድ ላይ ደግሞ፣ «ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ የመኪናዎን ድምፅ ስትሰማ መስኮት ጋ ትሄዳለች። ምን እንደተማረች ይጠይቋት።» የመጨረሻው ካርድ፣ ከታመምሽ በኋላ የጻፍሽው፣ ፊደሉ ተንጋዷል። «ወላጅ ሳያነቡ እንደሚፈርሙ ትምህርት ቤቱ ያውቃል። ቢሆንም አስተያየቱን መጻፉን ይቀጥላል።» ከሥሩ የኔ ፊርማ አለ።

አለቀስኩ፣ ሰናይት። አንድ ቤት ውስጥ ሆነሽ፣ «እርስዎ» እያልሽ እየቀለድሽ ሦስት ዓመት ስትጽፊልኝ አንድም ቀን አልመለስኩልሽም።

ሊያን ጠርቼ አሳየኋት። ለካ ታውቃለች። «ማሚ እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። 95ቱን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ይሄ የማሚ ውጤት አይደለም አለች። አጠገቤ ተቀምጣ እያንዳንዱን ወደ ቦታው መለስነው። አስተያየቱንም አንድ ሳናስቀር ተረጎምነው፣ ለኔ የተጻፈውንም ጭምር። እንግሊዝኛዬን እያረመች ስትስቅብኝ ዋለች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያን ያህል አውርተን አናውቅም።

መልሱ ትናንት መጣ። ስኮላርሺፑን ሰጥተዋታል። የመምህሯን አስተያየት ደጋግመው እንዳነበቡት ጽፈዋል። ክረምቱ ሲያልቅ ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እዚያው ትኖራለች። ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። ከእንግዲህ መኪናዬን ሰምቶ መስኮት ጋ የሚመጣ አይኖርም።

ከደብዳቤው ጋር የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት አለ። ሊያ እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ቆመች፤ «ጀስት ሳይን ኢት፣ ዳዲ» አለችኝ፣ ዝም ብለህ ፈርም ለማለት። ቁጭ በይ አልኳት። አራቱንም ገጽ፣ ያልገባኝን እየጠየቅኳት፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሷም አላጣደፈችኝም።

ሰናይትዬ፣ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ትይኛለሽ። ካርዶችሽን ከአልጋዬ አጠገብ አድርጌያቸዋለሁ፤ ሊያ ስትሄድም እነሱ እኔ ጋ ይቀራሉ።

አንብቦ የፈረመው፣
ወላጅ