ኩሬውን አላስደፍንም ያሉት መሐንዲስ

ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» የምንላቸው ታላቅ እህታችን ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያ ስለነበሩ እኛን ታናናሾቻቸውን መቆጣት የጀመሩት ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው።

በ1975 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመርቀው በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ተቀጠሩ፤ በሥራቸውም እስከ ሳይት ኃላፊነት ደረሱ። በ1979 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1998 ዓ.ም. ድርጅቱ አፓርታማ ሊሠራበት በተረከበው መሬት መካከል እንቁራሪቶች የሚራቡበት ኩሬ ነበር። «ኩሬው ይደፈን» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ውሃው በእንቁላልና ገና እግር ባላወጡ ግልገሎች ተሞልቶ ነበርና፣ እትዬ ሕንፃው ፈቀቅ ብሎ እንዲሠራ ጠየቁ። የድርጅቱ ባለቤት በሠራተኛው ፊት ስቀው፣ «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች ሲባል አልሰማሽም?» አሏቸው።

«እኔ ዝሆን ልሁን አላልኩም፤ ዝሆኑ ትንሽ ጠጋ ይበል ነው ያልኩት» ብለው መለሱ።

በማግስቱ አፈር የጫኑ መኪኖች ሲደርሱ የገዛ መኪናቸውን የግቢው በር ላይ ገትረው ቁልፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከሥራ ተባረሩ። ዘመድ አዝማድ «ይቅርታ ጠይቂ» ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። ማዘጋጃ ቤት ደጅ ጠኑ አይባልም፤ ደጁን መግቢያ መውጫ አሳጡት እንጂ። በመጨረሻ ፕላኑ ተከለሰ፤ የኩሬው ግማሽ ተረፈ። ስለተደፈነው ግማሽ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ማንንም ይቅር አላሉም።

አፓርታማው ተሠርቶ ሰው ከገባበት በኋላ፣ ኩሬውን ያስተረፉት እሳቸው ናቸውና «የእንቁራሪቶቹ ጩኸት እንቅልፍ ነሳን» ብለው ቤታቸው ድረስ ለአቤቱታ የመጡ ነዋሪዎችን፣ «አከራዮቹ እነሱ ናቸው፤ እናንተ ተከራይ ናችሁ» እያሉ ይመልሷቸው ነበር። የኋላ ኋላ እነዚያው ነዋሪዎች የኩሬው ጠባቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጧቸው።

ላለፉት ሁለት ዓመታት በሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ባለፈው ወር የቀረውን ኩሬ ለመኪና ማቆሚያ የፈለጉ ሰዎች ሊያግባቧቸው ሆስፒታል ድረስ መጥተው ነበር። እትዬ የኦክስጅኑን ጭንብል ከፊታቸው አነሡና «አይሆንም» አሉ፤ ከዚያ መልሰው አጠለቁት።

በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን አራት ታናናሾቻቸውን ትተዋል። ኩሬውን ለመድፈን የሚያስብ ካለ፣ እነዚህን ሁሉ አልፎ ነው።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ እልኻቸውን ለእኛ ያውርሰን።