ቡላ ያነከሰበት ጾም

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ቡላ ዛሬም በር ላይ አልጠበቀኝም። ከሥራ ስገባ ከውሃ ታንከሩ ሥር እንደተኛ ጅራቱን ብቻ መታ መታ አደረገ። ሊነሳ ሞከረ። የፊት እግሮቹ ቆሙ፣ ወገቡ እምቢ አለ። ደግሞ ሞከረና ተወው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያፈረ መሰለኝ… ውሻ ያፍራል እንዴ?

አቦይ ገብረተንሳኤ ከክፍላቸው ደጃፍ ሆነው ያዩ ነበር። "አርጅቷል" አሉ። አበቃ። የባሌ አባት ከኔ ጋር ወሬ አያበዙም። መጀመሪያ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ምራት ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ ከማንም ጋር እንደዚያው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንደ ልባቸው የሚያወሩት ከቡላ ጋር ብቻ ነው።

ባሌ ሃፍታይ ከሽሬ ደወለ። ነገርኩት። "ለፋሲካ ስመጣ ካልተሻለው በመርፌ እናሳርፈዋለን። ማሰቃየት ኃጢአት ነው" አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ለአባቱ ማን ነው የሚነግራቸው? እኔ? አላደርገውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቡላን እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ባለ ባጃጁ በሳቅ ሊሞት። "ንኸልቢ ዶክተር?" እያለ፣ ለውሻ ዶክተር ማለቱ ነው። በጦርነቱ ሰው መድኃኒት አጥቶ በከረመበት ከተማ… ገባኝ፣ አልተቀየምኩትም። አፈርኩ ግን። ቡላ በአቦይ አሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ቀና ብሎ ሲያየኝ ማፈሬን ተውኩት።

ዶክተር ትምኒት ዳሌውን ስትነካው ጥርሱን አሳየ። "የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። አጥንቱ እንዳይፋተግ የሚከላከለው ለስላሳ ነገር አልቋል" አለች። ይድናል? "አይድንም። ግን ይያዛል።" የሚጠጣ ማስታገሻ ሰጠችኝ። በቀን አንዴ፣ ከበላ በኋላ። ሲሚንቶ ላይ እንዳይተኛ። ጠዋትና ማታ ትንሽ ቀስ ብሎ ይሂድ። ዳሌው ላይ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ። ደግሞ ወፍሯል፣ ይክሳ። "ሌላ ማስታገሻ እንዳትጨምሩበት። በተለይ የሰው።" ማን ይጨምርበታል?

አንድ ያለችው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። "ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። አመመኝ የሚለው ሲብስበት ነው።"

ዓርብ፣ የካቲት 28

ቡላ የሳሎኑን አሮጌ ምንጣፍ ወረሰ። ጨርቁን ሳደርግለት መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ዓይኑን ጨፈነ።

አቦይም እኮ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጤና ጣቢያ የታዘዘላቸው ክኒን ጠዋትና ማታ ነው፣ ከምግብ ጋር። ጾሙ ከገባ ጀምሮ የጠዋቱን አልዋጡም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱማ! ዛሬ ተሟገትኳቸው። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ ለሽማግሌ ይፈቀዳል፣ እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይፈልገዋል፣ በምን ይሰግዳሉ… ያልኩት ነገር የለም። "ሕራይ፣ ጓለይ" አሉ መጨረሻ ላይ፣ እሺ ልጄ ማለታቸው ነው። ሻይ፣ ቁራሽ ዳቦና ክኒኑን አቀረብኩላቸውና ወደ ሥራ ሮጥኩ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ተሳካልኝ! ከእንግዲህ በየጠዋቱ እንደዚህ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ቡላ ዛሬ ራሱ ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ። አቦይ ሳቁ። ሲስቁ ካየሁ ቆይቷል። ለሃፍታይ ልደውልለት ስል፣ ደስታው ሳያልቅ ጣጣው መጣ።

የጎረቤታችን የኣስመላሽ ልጅ ሳሊና ከኋላው መጥታ አቀፈችው። ዳሌውን። ዞሮ እጇን ያዛት። አልደማችም፣ የጥርሱ ምልክት ግን ቀረ። ሕፃኗ እየጮኸች ሄደች።

ኣስመላሽ ወዲያው መጣ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "ዓለምእሸት፣ አንቺ እህቴ ነሽ። ግን ይሄ ውሻ ልጄ ላይ ከደገመ አንድ ቀን ትፈልጉታላችሁ፣ አታገኙትም።" ይቅርታ ጠየቅኩ። በቀኝ በግራ ማልኩለት። ቡላን በገመድ አሰርኩት። አቦይ ማሰሬን አልወደዱም።

አታገኙትም… ምን ማለቱ ነው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ቡላ አልበላም። መድኃኒቱን ሳልሰጠው ዋልኩ፣ ባዶ ሆድ አይሆንም ተብያለሁ። ከሰዓት አስመለሰ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ያስመለሰው ደም አለበት። ሰገራውም ጥቁር ነው፣ ልክ እንደ ሬንጅ። ድዱ ነጣ። ሊነሳ እንኳ አይሞክርም።

መርዝ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ደሜ ፈላ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ራሴን የኣስመላሽ በር ላይ አገኘሁት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እየሰማ ጮህኩ። "አታገኙትም ያልከው ይሄን ነው? መርዘህ ገደልክብን!" ብዙ አልኩ። እዚህ መጻፍ የማልፈልገውም አለ።

ኣስመላሽ ቆሞ አየኝ። "እኔ? በጾም?" አለ። ደግሞ፣ "በዚህ ሰፈር ስንት ሰው ቀብረናል። የቀረችንን ነፍስ በመርዝ የምገድል እመስልሻለሁ?" አለኝ። በሩን ዘጋው። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

አይ፣ አልተጸጸትኩም። እሱ ነው። ዶክተሯ ዘንድ ደወልኩ፣ በጠዋት አምጪው ብላለች። በጠዋት… ይደርሳል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሁሉንም ልጻፈው።

ዶክተር ትምኒት ግሉኮስ ተከለችለት። ድዱን አየች፣ ሰገራውን ጠየቀችኝ። "መርዝ አይመስለኝም። ጨጓራው ቆስሎ እየደማ ነው" አለች። "ሌላ ማስታገሻ ሰጥታችሁታል?" በፍጹም አልኳት። "ቤት ውስጥ የጉልበት ክኒን የሚወስድ ሰው አለ?"

ክው አልኩ።

እሷ ዘንድ ትቼው ወደ ቤት በረርኩ። አቦይ ባዶውን ምንጣፍ እያዩ ተቀምጠዋል። "አቦይ… የጠዋቱን ክኒን ይውጡታል?"

"ጾሜን እንዴት ልሻር፣ ጓለይ?" አሉ። ድምፃቸው አይሰማም። "አንቺ ደግሞ እንዳይከፋሽ… ተጨንቀሽ ነው የምትሰጪኝ። እሱም እንደ እኔ ጉልበቱ ነው። መድኃኒት ይባክናል ብዬ፣ በዳቦው ጠቅልዬ…" ቀና አሉ። "ረድቶት ነበር እኮ። እስከ በር ሄዶ አላየሽም?" ከዚያ ፊቴን አዩና ገባቸው። "ወይለይ! ገደልኩት?"

ዶክተሯ የሰው እንዳትጨምሩ ያለችኝን አልነገርኳቸውም ነበር። በየጠዋቱ ያንን ክኒን ከዳቦ ጋር በእጃቸው ያስቀመጥኩት እኔ። ተሳካልኝ እያልኩ የሄድኩት እኔ። ኣስመላሽን በሰፈር ፊት ነፍሰ ገዳይ ያልኩት… እኔ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

አልሞተም። አልተሻለውም። አቦይ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓትም ሲሆን አልበሉም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኣስመላሽ ዘንድ ሄድኩ። ሳልጠራ ገባሁ። ሁሉን ነገርኩት፣ ክኒኑን፣ ዳቦውን፣ ጾሙን። ይቅር በለኝ አልኩት። "ስትሳደቢ ሰፈሩ ሰምቷል፣ ይቅርታሽን ማን ይሰማልሻል?" አለኝ። ልክ ነው። ስሙ በምን ይመለስለታል?

ወጣሁ። ረቡዕ የጮህኩበት ቦታ ቆሜ፣ ያው የሰፈሩ ሰው እያየኝ፣ "ኣስመላሽ አልመረዘም። ስሙን ያጠፋሁት በሐሰት ነው። ጥፋቱ የቤታችን ነው" አልኩ። የአቦይን ስም አልጠራሁም።

ኣስመላሽ ከኋላዬ መጣ። "ሕራይ። ወዲኡ፣ ሓፍተይ" አለ። አለቀ፣ እህቴ ማለቱ ነው። አለቀ? እሱ ካለ ይለቅ። ለኔ አላለቀም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ውሃ ጠጣ! ገንፎ ላሰ! ዶክተሯ ወደ ቤት ውሰዱት አለች። ለጨጓራው የሚሆን መድኃኒት ሰጠችን። ማስታገሻ ግን ለብዙ ሳምንት የለም። እና ሕመሙስ? "በጨርቁ፣ በእግር ጉዞው፣ በማክሳት። ሌላ የለኝም" አለችኝ። ፋሲካ እየመጣ ነው። ሃፍታይ እየመጣ ነው። ያለ ማስታገሻ እንዴት ተሽሎት ይጠብቀዋል?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

የአቦይ የንስሐ አባት መጡ። አቦይ ራሳቸው አወሩት፣ አንድ ሳይደብቁ። አባ በሳቅ ፈረሱ። "ክኒኑን ለውሻ ሰጥተህ ከምትጾም፣ በልተህ ብትውጠው አይሻልም? ከነገ ጀምሮ በጠዋት ብላ፣ አዝዤሃለሁ።" አቦይ አጎንብሰው እሺ አሉ። እኔ ስንት ተሟግቼ! ለሳቸው በአንድ ቃል! ተናደድኩ፣ ሳቅሁም።

ቡላ ከስቷል። አሁን በሙቁ ጨርቅ የማሸው እኔ አይደለሁም። አቦይ ናቸው፣ በጠዋትና በማታ፣ አጠገቡ ተቀምጠው እያወሩለት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ሃፍታይ ደረሰ። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ቡላን አየው። ቡላ ሊቀበለው ተነሳ፣ ወገቡ ከዳው፣ ተቀመጠ። እንደገና ተነሳ። እየጎተተ መጣ። የሃፍታይ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

"ይሄ ነው ተሻለው ያልሽኝ?"

"ድኗል አላልኩም፣ እየተሻለው…"

"ዓለም፣ ተነጋግረን ነበር።"

እውነትም ተነጋግረን ነበር። አቦይ ከደጃፋቸው ተነሱ። ግድግዳውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ መጥተው በልጃቸውና በውሻው መካከል ቆሙ። "በየቀኑ እነካዋለሁ" አሉ። "የቱ ጋ እንደሚያመው፣ መቼ እንደሚብስበት አውቃለሁ። የበቃው ቀን እኔ ራሴ እነግርሃለሁ። እስከዚያ አትንካው።" በትግርኛ ደገሙለት፣ ከዚያ በኋላ ያሉት አልገባኝም። ሃፍታይ የአባቱን ትከሻ ሳመ። ቦርሳውን አስቀመጠ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሃፍታይ ዛሬ ተመለሰ። ቡላ እስከ በሩ ሸኘው። ሁለት ጊዜ ተቀምጦ፣ ግን ሸኘው። ኣስመላሽ በመንገድ ሲያልፍ ለሃፍታይ ሰላምታ ሰጠው፣ ለኔም አንገቱን ነቀነቀልኝ። ሳሊና ቡላን በሩቁ ቆማ አየችው። አልቀረበችም፣ አልፈረድኩባትም።

የበቃው ቀን ይመጣል። አቦይም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ዛሬ አይደለም።

ቁርስ ላቀርብላቸው ስገባ አቦይ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ክኒኑን ተቀበሉኝ፣ ዋጡት። ልወጣ ስል ጠሩኝ። "ጓለይ።"

"አቤት፣ አቦይ።"

"ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል። ከትናንቱ ይብሳል።"

እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከአፋቸው አመመኝ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። ሰው አመመኝ ሲል ደስ ይላል? አለኝ እኮ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "የቱ ጋ ነው?" አልኳቸው።

ሱሪያቸውን ሰብስበው አሳዩኝ።