አንተ እረድ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ዛሬም ሰንጢዬን ኪሴ ከትቼ ከአብዲ ጋር ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ወጣሁ። አባባ ገና በልጅነቴ ከጅቡቲ ካመጣልኝ ጀምሮ ያለሱ ዱር ወጥቼ አላውቅም። አብዲ በወንጭፍ አንዲት ቆቅ መታ። ክንፏ ተሰብሮ እጄ ላይ ትንፈራገጣለች። ሁለታችንም ርቦናል።

ሰንጢውን ዘረጋሁለት። «እንካ፣ አንተ እረድ፤ የመታሃት አንተ ነህ።»

«ተው አቦ! እኔ እስላሙ ካረድኩ አንተ አትበላም። ሰንጢው ያንተ ነው፣ አንተ እረድ።»

«እኔ ክርስቲያኑ ካረድኩስ አንተ ትበላለህ?»

«ወላሂ እኔ አልራበኝም።»

ውሸታም! ሆዱ ሲጮህ ይሰማኛል። እንዲህ ስንግደረደር ቆቋ እጄ ላይ ክልትው አለች። ሳትታረድ ሞተች፤ ለሱም ለኔም በክት ሆነች። ጥለናት ተመለስን። መንገድ ላይ በለስ በሰንጢው እየላጥን ጠገብን።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሰንጢውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እማዬ «ምን ያቁነጠንጥሃል?» ትለኛለች። «እረድ» ስለው ከልቤ ነበር? እምቢ እንደሚል ባላውቅ እለው ነበር? እሱስ?

ነገም ከቅዳሴ መልስ እንውጣ ብሎኛል። ሰንጢውን እቤት ልተወው ይሆን? ግን በለሱን በምን እንልጣለን?